አሠልጣኝ አርባና ልጓም የተፈታለት ኮምፒውተር

በማሠልጠኛችን ማንም በስሙ አይጠራውም። ተማሪውም፣ ጸሐፊዋም፣ በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛም «አርባ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት የመኪናው የፍጥነት መለኪያ ናት፤ መርፌዋ አርባን ተሻግራ ያየ ሰው የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለምክር ይጠቅሰዋል፤ አርባ ግን እንደ ትራፊክ ሕግ ነበር የሚያከብረው። እኔም እዚያው መንዳት አስተምራለሁ። መኪኖቻችን ጎን ለጎን ስለሚቆሙ የምነግራችሁን ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን እሱና አማቱ በየተራ ነግረውኛል። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ላይ አማቱን አምኛለሁ።

የማሠልጠኛ መኪና ፍሬኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ከተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው ከአሠልጣኙ። እኛ ሁለተኛውን ፍሬን የምንረግጠው ነገር ሲከፋ ብቻ ነው። አርባ እግሩን ከላዩ አንሥቶት አያውቅም። ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ሄዶ፣ ምግብ ላይ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይጫናል። ሚስቱ ረዘም ያለ ወሬ ሲኖራት አንዴ ጎንበስ ብላ እግሩን አይታ ነው የምትጀምረው።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እጇ ፈጣን፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ ነው። መንዳት የምትማረው ከባሏ ሲሆን፣ በማሠልጠኛችን እንደ እሷ ረጅም ጊዜ የተማረ የለም። አብረዋት የጀመሩት ሁሉ መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተዋል፤ እንዲያውም አንዱ አውቶቡስ ይነዳል። እሷን ግን ለፈተና ሳያቀርባት «ገና ነሽ» እያለ ዓመታት አለፉ። ምኔ ነው ገና ብላ ስትጠይቀው፣ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ድፍረት ይታይብሻል አላት።

ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው የሚስቱ እናት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። የሚኖሩት ፀሐይ በማያገኘው የጀርባ ክፍል ነበር። የፊት ለፊቱ ክፍል ይሻለኛል ብለው ሲያመለክቱ፣ አርባ እንየው ይላቸዋል። አርባ ካየው ብዙ ጊዜ ያያል።

ኮምፒውተሩን የገዛው ለሥራ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የቲዎሪ ፈተና ያልፋል፤ ምልክቱ ምን ይላል፣ ቅድሚያ የማን ነው የሚል ሃምሳ ጥያቄ። አርባ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጦ ተማሪዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለማምድ ጀመር። የመለማመጃው ፕሮግራም ከመቅለሉ የተነሳ ድንጋይ ላይ ቢጭኑት የሚሠራ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ማሽኑ አልነሣ አለና ወደ ጥገና ሱቅ ይዞት ሄደ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ጠጋኙ አንዲት የላላች ገመድ አጠበቀና ሥራውን ጨረሰ። ክዳኑን መልሶ ሊገጥም ሲል የፕሮሰሰሩን ስም አየና ከንፈሩን መጠጠ። እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ባለበት ይዞ መቀመጥ ያሳዝናል አለው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ፋብሪካው በዚህ ፍጥነት ይሥራ ብሎ ልጓም አስሮ ይልከዋል እንጂ አብዛኛው ከዚያ በላይ ጉልበት አለው። ልጓሙን ፈቶ ማፍጠን ኦቨርክሎክ ይባላል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊያደርገው ይችላል፤ ወንጀልም አይደለም።

«ማን ይቆጣጠራል?» አለ አርባ።

«ማንም፣ ጋሼ።»

አርባ ይህን ነገር ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ባየሁ ደስ ባለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በቀይ ክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ሲያከብር የኖረ ሰው፣ ማንም የማይቆጣጠረው ወሰን አለ ሲሉት!

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ተማሪዎቹን በጊዜ ሸኝቶ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚከፈተው የቅንብር ገጽ ገባ። ገጹ ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስን ቁጥር አለ፤ ፋብሪካው ያሰረው ልጓም ሠላሳ ስድስት ላይ ነው። አርባ ሠላሳ ሰባት አደረገው፤ ምንም አልሆነም። ሠላሳ ስምንት አደረገው፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። እዚያ ላይ ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ ውኃም ጠጣ። ተመልሶ አርባ አንድ አደረገው። ማሽኑ ተነሣ፤ ማንም ፊሽካ አልነፋም። የዚያን ቀን ሲያፏጭ ሚስቱ ሰማችው። ሲያፏጭ ሰምታው ስለማታውቅ ቧንቧው የተበላሸ መስሏት ኩሽና ገብታ ቧንቧውን አየች።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን የያዘው አልነበረም። አርባ አራት ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆመበት። ጠጋኙን ጠይቆ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ጥቂት ጨመረለት፤ ሠራ። ኃይል ሲጨመር ሙቀት ይጨምራልና የሕፃን ራስ የሚያህል ማቀዝቀዣ ገዛለት። ማቀዝቀዣው ስለተለቀ ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ክዳኑን አውልቆ ከሶፋው ጀርባ አቆመውና ማሽኑ አንጀቱን ዘርግፎ ይሠራ ጀመር። ያም አልበቃ ብሎ የቤቱን ማራገቢያ ወስዶ አዞረለት። ቤተሰቡ በሙቀት ሲያልበው ንፋሱ የሚነፍሰው ለኮምፒውተሩ ነበር።

አማቱ ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ሆነው ሲመለከቱ ቆይተው፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቁት።

«እያፈጠንኩት ነው እማማ።»

«የት ለመድረስ?»

አርባ ማራገቢያውን ወደ ማሽኑ ይበልጥ አስጠጋ። ፕሮግራሙ እንደሆነ ድሮም ከተማሪው ጣት ቀድሞ ነበር የሚጠብቀው።

ሳሎኑ ለማሽኑ ሞቃት ነው ብሎ ሲያስብ ሰነበተና ቀዝቃዛ ክፍል ፍለጋ ቤቱን ዞረ። ከሁሉ የሚቀዘቅዘው የአማቱ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ፊቱን ዝቅ አድርጎ ሄደና፣ ለጤናዎም ይሻላል፣ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ቢዛወሩ ምን ይመስልዎታል አላቸው። ሴትዮዋ ዘመናቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያጭበረብር የያዙ ናቸውና ደስታቸውን በፊታቸው አላሳዩም። ክፍሉን እንደለመዱት፣ መለየቱ እንደሚከብዳቸው ነገሩት። ሲለመኑ ሰንብተው አዲስ መጋረጃ ከተሰቀለላቸው እንደሚያስቡበት ገለጹ። መጋረጃው ተሰቀለ፤ እሳቸው ወደ ፊት ለፊቱ፣ ኮምፒውተሩ ወደ ጀርባው ክፍል ገቡ። እስከ ዛሬ ድረስ ለኮምፒውተር ሲባል ከክፍሌ ተፈናቀልኩ እያሉ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ፀሐይ እየሞቁ ነው።

ፕሮሰሰሩ አርባ ሰባት ላይ ደርሶ እምቢ ሲል አርባ ወደ ሜሞሪው ዞረ። ሜሞሪ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ እሱም የራሱ ፍጥነት አለው። ጠጋኙ እዚህ ላይ አስጠንቅቆታል። «ፕሮሰሰር ሲበዛበት ይወድቃል፤ ሜሞሪ ሲበዛበት ይዋሻል» ብሎታል። ስለዚህ ባፈጠኑት ቁጥር ረጅም ፍተሻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በፍተሻው ጊዜ ደግሞ ማሽኑን ማንም መንካት የለበትም። አርባ በየቀኑ ያፈጥናል፣ በየቀኑ ይፈትሻል። አንድ ቀን ሚስቱ የእረፍት ማመልከቻ ልታትምበት መጣች፤ ፍተሻ ላይ ነው ተባለች። ከቤት ወጥታ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ ማተሚያ ቤት ተራ ጠብቃ አሳትማ ስትመለስ ማሽኑ አሁንም የራሱን ፍጥነት እየለካ ነበር።

«ፈጣን ኮምፒውተር እንዳለን ሰምቼ ነበር» አለችው።

በዚህ መሀል ነው የፀጉር ሠሪዋ ነገር የመጣው። ከአርባ ተማሪዎች አንዷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ጎበዝ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ መለማመጃውን ሠርታ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫን ውጤቷ ወጣ፦ ከሃምሳ፣ አምስት መቶ ሃምሳ ስድስት። ከሥሩም «እንኳን ደስ አለዎት፣ አልፈዋል» ይላል።

አርባ መነጽሩን ጠርጎ አየው። ሌላ ነገር ነክታ እንደሆነ ጠየቃት። የጠየቀኝን ነው የመለስኩት አለች። እንደገና ብትሠሪው ይሻላል ቢላት፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ላምጣ?» ብላ ወረቀቱ እንዲታተምላት ጠየቀች። የሚከለክልበት ምክንያት ስላላገኘ አተመላት። አሁን ፀጉር ቤቷ መስታወት አጠገብ ተለጥፎ ይታያል፤ ደንበኞቿም ስለ ጉብዝናዋ አንድ ጥያቄ አንሥተው አያውቁም።

አማቱ መልሶቿን በእጃቸው አረሙት። ትክክለኛው ውጤቷ አርባ አራት ነው። አምስት መቶ ሃምሳ ስድስት ላይ አርባ አራት ሲቀነስ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ሁለት በራሱ እየተባዛ ሲሄድ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር በዜሮና በአንድ ስለሚጽፍ፣ አንዲት ዜሮ በስህተት ወደ አንድ ተገልብጣለች ማለት ነው። ሜሞሪው ዋሽቷል። ይህን ሲያስረዱት ድምፃቸው እንደ ጥንቱ ተማሪ ፊት የቆሙ ያህል ነበር፤ ሲጨርሱም ማሽኑ እስከ ስንት ድረስ ይሄዳል ብለው ጠየቁት። አርባ ጥያቄውን እንደ ወቀሳ ወሰደው።

ጎማው ነጩን መስመር በአንድ ጣት ያህል ስለነካ ተማሪ የሚጥል ሰው፣ ይህን አምስት መቶ ትርፍ ነጥብ «ትንሽ መዛባት» ብሎ አለፈው። ሜሞሪውን አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ አደረገ። አማቱ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ቢሉት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አማቱን ሆዳቸውን አመማቸው። መጀመሪያ ወንበሩን ጨብጠው ጎንበስ አሉ፤ በመጨረሻ ከንፈራቸው ነጣ። ሚስቱ የዚያን ቀን ቤት ነበረች። እናቷን ደግፋ አወጣችና፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ባለባት የማሠልጠኛ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስተኝታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አርባ መሪውን ያዘ።

ቀበቶውን አሰረ። መስታወቱን አስተካከለ። የጎኑንም አስተካከለ። ወጡ፤ በሠላሳ አምስት። ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ልቡን ሞልቶ አርባ ገባ። ብስክሌት አለፋቸው። አንዲት የፍራሽ ጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋች አለፈቻቸው። ጭር ያለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ መብራቱ ወደ ቢጫ ሲለወጥ አየና ቆመ። ከግራ የሚመጣ የለም፤ ከቀኝም የለም። ቀዩ እስኪበራ ጠበቀ፤ ከዚያ አረንጓዴው እስኪበራ ጠበቀ።

ከኋላ አማቱ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ» አሉ። «ያ ማሽን የሚቸኩልበት ቦታ የለውም፤ እኔ አለኝ።»

አርባ እዚህ ላይ ሲደርስ ታሪኩን ያሳጥረዋል፤ እኔ ከአማቱ ነው የሰማሁት። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ዞራ መጥታ የእሱን በር ከፈተች።

«ውረድ።»

«ገና ነሽ» አለ በልማድ።

«ውረድልኝ አልኩህ።»

ወረደና ዞሮ በአሠልጣኝ ወንበሩ ተቀመጠ። እግሩ ሳያዘው ሁለተኛውን ፍሬን አገኘው። ሚስቱ ማርሽ አስገብታ ተነሣች። አርባ አምስት ስትገባ መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ እሱ ረግጦ ነው። ሃምሳ ስትገባ እንደገና ረገጠ፤ አማቱ ከኋላ አቃሰቱ። ሚስቱ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ «እግርህን አንሣ» አለችው።

አነሣው። የት እንደሚያስቀምጠው ግን አላወቀም። አማቱ እንደሚሉት፣ ሁለቱንም ጉልበቱን አቅፎ ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ተኮራምቶ ሄደ። ስድሳ፣ ሰባ። የጭነት መኪናዋን ከነፍራሿ ደረሱባትና አለፏት፤ ነጂው ጣሪያቸው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሁለቴ አነበበው። መታጠፊያውን ሚስቱ ስትዞረው አርባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲከፍት መኪናዋ መስመሯን ይዛ፣ ጎማዋ ነጩን ሳትነካ እየሄደች ነው። «ያኔ አየሁት» ብሎኛል። «ድፍረት አልነበረም። ታውቀው ነበር።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነርሷ አማቱን አይታ፣ የሐሞት ጠጠር ይመስላል፣ ማስታገሻ ተወግተው ተራ ይጠብቁ አለች። ተራው እስኪደርስ ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ። ሦስቱም ኮሪደር ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። በኋላ ያያቸው ሐኪም አጣዳፊ እንዳልሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው በሚቀጥለው ሳምንት ቢሆን እንደሚሻል፣ በቀስታ ቢመጡም ኖሮ ችግር እንዳልነበረው አስረዳ። አርባ ይህን ሲሰማ ወደ ሚስቱ ዞሮ ምንም አላለም። በሕይወቱ ብልህ ሆኖ ዝም ካለባቸው ጊዜያት ይህ አንዱ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። አማቱ ገና ሳይሻላቸው ሚስቱ ለፈተና ቀረበች፤ አርባ ራሱ አስመዘገባት። አለፈች። ፈታኙ የሰጣት አስተያየት አንድ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ፈጠን ብትዪ ጥሩ ነው የሚል። ለፈተናው ብላ በአርባ ስለነዳች ነው።

አርባ ደግሞ ከሐኪም ቤት በተመለሰ ማግስት የጀርባ ክፍል ገብቶ ኮምፒውተሩን ወደ ፋብሪካው ልክ መለሰው። ሠላሳ ስድስት። ማቀዝቀዣውን አውርዶ ክዳኑን ገጠመለት፤ ማራገቢያውንም ለቤተሰቡ መለሰ። ለእኔ ሲነግረኝ ከመጠጥ እንደተላቀቀ ሰው ነበር፤ ቀለል ብሎታል፣ ግን ቅዳሜን በምን እንደሚያሳልፈው አያውቅም።

ያሳሳቱት አማቱ ናቸው። እያገገሙ ሳለ ፀሐይዋም መጋረጃውም ሰለቻቸውና አንድ ከሰዓት በቀስታ ተራምደው ወደ ድሮ ክፍላቸው ገቡ። ማሽኑ ፊት ተቀምጠው፣ ያ ቁጥር የሚለወጥበት ገጽ የታለ አሉት። አርባ ትቼዋለሁ አለ። እሳቸው አልተዉትም፤ እስከ ስንት እንደሚሄድ ጠይቄህ አልመለስክልኝም አሉ። ሰው ከሕመም ሲነሣ የጠየቀውን አይከለከልም ብሎ ማቀዝቀዣውን መልሶ አሰረና ከፈተላቸው። አንድ አንድ እየጨመረ እንዴት እንደሄደ፣ ኃይሉን በእንጥፍጣፊ እንዴት እንደጨመረ አስረዳቸው። አማቱ በትዕግሥት ሰሙት።

«በዚህ አካሄድ ዕድሜ አይበቃም» አሉ። «በጣም ከፍ ያለውን እንሞክር። ካልሠራ መሀሉን እንወስዳለን። ደግሞ የዚያን መሀል።»

ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ፣ ሒሳብ አይጨስም፤ ማሽን ግን ይጨሳል። አርባ እጁን ሲዘረጋ እሳቸው የኃይሉን ቁጥር ለውጠው ቁልፉን ተጭነውት ነበር። ማሽኑ አንዴ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አርባ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ። አማቱ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ «እንግዲህ ልኩ ከዚህ በታች ነው» አሉ።

አርባ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ። እሳቸው ግን ስፌታቸው ስለሚያማቸው ሆዳቸውን ይዘው አታስቀኝ እያሉ ለመኑት። ሚስቱ ሽታውንና ድምፁን ሰምታ ስትገባ ሁለቱ በጭስ ውስጥ ሲንፈራፈሩ አገኘቻቸው፤ መስኮቱን ከፍታላቸው ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱም ጥገና ሱቅ ሄዱ። ጠጋኙ ፕሮሰሰሩም፣ እሱ የሚሰካበት ማዘርቦርድም ተያይዘው እንደተቃጠሉ አየና አርባን በአድናቆት ተመለከተው፤ እስከዚህ ይደርሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም ጋሼ አለው። አርባ አላረመውም። ከመደርደሪያው ሁለት ፕሮሰሰር አወጣላቸው፤ አንዱ ልጓሙ የማይፈታ፣ ሌላው የሚፈታ። ለምን ሥራ እንደፈለጉት ሲጠይቅ አማቱ ለመንጃ ፈቃድ ጥያቄዎች ነው አሉና የሚፈታውን ጠቆሙት። አርባ እንየው ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋውና ገንዘቡን ከፈለ።

ሲመለሱ ሚስቱ ነዳች። አማቱ ከፊት፣ በአሠልጣኙ ወንበር ተቀመጡ፤ እግራቸው ሥር ያለው ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው ጫማቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። አርባ ከኋላ የአዲሱን ፕሮሰሰር ካርቶን አጠገቡ አስቀምጦ የደህንነት ቀበቶ አሰረለት።